«ገባችሁ?» ማለትና ሌሎች የትል ትምህርት ስህተቶቻችን

ጎንደርና ዙሪያዋ ባሉ ትምህርት ቤቶች ስለ ሆድ ትል ሳስተምር ዓመታት ተቆጠሩ። አዲስ ተመራቂዎች አብረውኝ ሲወጡ ደስ ይለኛል። ጋዋናቸው ንጹህ፣ ወኔያቸው ሙሉ ነው። ግን ያንኑ ስህተት ሲደጋግሙት ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ።

ከሁሉ በፊት «ገባችሁ?» የምትለዋን ጥያቄ ተዉልኝ! ጠዋት ባንዲራ ተሰቅሎ፣ ልጁ ሁሉ በሰልፍ እንደቆመ «ገባችሁ?» ትሉታላችሁ። «አዎ!» ይላል። ሌላ ምን ይበል? «ከምግብ በፊት ምን እናደርጋለን?» ስትሉ ደግሞ «እጃችንን እንታጠባለን!» ብሎ ግቢውን ያናውጠዋል። እናንተም ሪፖርታችሁን ጽፋችሁ ትሄዳላችሁ። አንድ ቀን እኔ አልሄድኩም። ዛፍ ሥር ቁጭ አልኩ። ደወል ሲደወል፣ ጠዋት ሲጮኹ የነበሩት ልጆች አፈር ላይ ብይ ተጫወቱና በዚያው እጃቸው ምሳ ዕቃቸውን ከፈቱ። ቧንቧው አጠገባቸው ነው። ውሃም ነበረው። ሳሙናው ግን «እንዳይሰረቅ» ተብሎ ቢሮ ውስጥ ተቆልፎበታል። ልጁ መልሱን ያውቃል፣ እጁ ግን አልለመደውም። ስለዚህ ንግግሩን አሳጥሩ። አንድ ክፍል ብቻ ይዛችሁ ቧንቧው ጋ ውረዱ፤ አስታጥቡ፣ ጥፍር አስቆርጡ። ሳሙናውን በመረብ አድርጋችሁ ከቧንቧው ጋር እሰሩት። በሳምንቱ ሳትናገሩ ተመልሳችሁ ዛፍ ሥር ቁጭ በሉ።

ፖስተር በእንግሊዝኛ አትለጥፉ። ለሦስተኛ ክፍል ተማሪ የላቲን ስም ምን ያደርግለታል?

ትልን ሁሉ አንድ ማድረግም አለ። ይህን ስህተት እኔው ሠርቼዋለሁ። የወስፋት እንቁላል በቆሸሸ እጅና ባልታጠበ አትክልት አድርጎ በአፍ ይገባል። መንጠቆ ትል የባዶ እግር ቆዳ በስቶ ይገባል። ኮሶ በጥሬ ሥጋ ይመጣል። ቢልሃርዝያ ደግሞ ውሃ ውስጥ በቆዳ ነው። እኔ ግን ወደ ደምቢያ ወርጄ፣ ቧንቧ በሌለው ትምህርት ቤት፣ «ወንዝ ወርዳችሁ ታጥባችሁ ኑ» አልኳቸው! አብሮኝ የነበረው ሳኒታሪያን (የአካባቢ ጤና ባለሙያ) ክንዴን ያዘኝ። «ቀንድ አውጣውን አላየኸውም እንዴ?» አለኝ። ልጆቹ እየተሯሯጡ ሄደዋል። ሰዓቱ ደግሞ እኩለ ቀን። የቢልሃርዝያ እጮች ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጡት ልክ ያን ጊዜ፣ ፀሐይ ሲበረታ ነው። እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ያመኛል። አሁን የወንዝ ውሃ ብቻ ባለበት ቦታ የማስተምረው ሌላ ነው። ውሃው ይቀዳ፣ ቀንድ አውጣ ሳይገባበት ተከድኖ ሁለት ቀን ይደር፣ ከዚያ ይታጠቡበት።

«ጫማ አድርጉ» ብላችሁ በሕዝብ ፊት ባዶ እግሩን የመጣውን ልጅ አታሸማቅቁ። ኮንጎ ጫማ የሚገዛለት ቢያገኝ እሱም ያደርግ ነበር።

የመድኃኒቱ ቀን። ለወስፋትና ለመንጠቆ ትል የሚሰጠው አልቤንዳዞል ብዙ አያስቸግርም። ለቢልሃርዝያ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል ግን ይመራል፤ በባዶ ሆድ ሲወሰድ ደግሞ ያቅለሸልሻል፣ ያዞራል። በጾም ወቅት ቁርስ ሳይበሉ ለመጡ ልጆች ሰጥተን አንዷ አስመለሳት፤ ምሳ ሳይደርስ «ልጆቹን መረዟቸው» የሚል ወሬ መንደሩን ሞላው። ከዚያ ወዲህ ዳቦ ሳይዘጋጅ ኪኒን አይከፈትም። ደግሞ «ዋጣችሁ፣ በቃ ዳናችሁ» አትበሉ። ኪኒኑ ሆድ ውስጥ ያለውን ትል ነው የሚያስወጣው። አንዲት ሴት ወስፋት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች፤ ሜዳ ላይ የተጸዳዳ ልጅ እንቁላሉን አፈር ውስጥ ጥሎት ሄዷል። እዚያ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። የሽንት ቤቱ ነገር ካልተነሣ ልጁ ያንኑ መልሶ ይውጠዋል።

በመጨረሻ፣ አያቶች ላይ አትሳቁ። እኛ ሲርበን «ወስፋቴ ጮኸ» የምንል ሰዎች ነን። አንዲት እናት በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ «ልጄ፣ ወስፋት የሌለው ሰው አለ እንዴ? እሱ ከሌለ ምግቡን ማን ይፈጨዋል?» አሉኝ። ሳቅሁ። አዳራሹም ተከትሎኝ ሳቀ። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። በኪኒኑ ቀን የልጅ ልጃቸው አልመጣም።