የአሮጌ መኪና የበር ጎማና የውጭ ፕላስቲክ፦ ምን ይቀባል፣ ምን አይቀባም

የበር ጎማ ማርጀቱን ከዓይን ቀድሞ ጆሮ ያውቀዋል። መኪናው ፍጥነት ሲጨምር በመስኮቱ ጥግ ንፋስ ያፏጫል፤ በሩ ሲዘጋ ድምፁ ይደርቃል፤ ቆይቶ ደግሞ ከዝናብ በኋላ ምንጣፉ ሥር ይረጥባል። ክፍተቱ የት እንዳለ ለማወቅ ሁለት ጣት የሚሰፋ ወረቀት ጎማው ላይ አድርገው በሩን ይዝጉና ወረቀቱን ይሳቡ። ያዝ ካደረገ ደህና ነው፤ ሸርተት ብሎ ከወጣ ጎማው እዚያ ቦታ አልተጫነም ማለት ነው። በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ዙሪያውን ይሞክሩ። የላላው አንድ ጥግ ብቻ ከሆነ ጎማ ለመግዛት አይቸኩሉ፤ ብዙ ጊዜ የተዛነፈው ማጠፊያው ወይም ቁልፉ የሚያርፍበት ብረት ነው።

ጎማን የሚያስረጁት ፀሐይ፣ ሙቀትና በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን ናቸው። በጣም የቆዩ መኪኖች ላይ ያለውን የተፈጥሮ ጎማ ኦዞን በተለጠጠበት ቦታ ይሰነጥቀዋል። ኋላ የመጡት መኪኖች የበር ጎማ ግን በአብዛኛው ኢፒዲኤም ከሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። ይህኛው ፀሐይንም ኦዞንንም በደንብ ይችላል፤ ጠላቱ ዘይት ነው። የደረቀ ጎማ ያየ ሰው ደግሞ እጁ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ቫዝሊን፣ ወደ ሞተር ዘይት፣ ወደ ናፍጣ ወይም የዛገ ብሎን ወደሚያላቅቀው ስፕሬይ ነው። ጎማው ዘይቱን ጠጥቶ ያብጣል፤ ጠቆር፣ ለስለስ ስለሚል የዳነ ይመስላል። ያበጠ ጎማ ግን ከመያዣው ይወጣል፣ ይንዘላዘላል፣ በሩ በተዘጋ ቁጥርም ጫፉ እየተቀደደ ይሄዳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ማጠብ ነው። በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ (15 ሚሊ ሊትር ገደማ) ፈሳሽ ሳሙና ይበጥብጡ። በለስላሳ ብሩሽ የጎማውን ከንፈር ገለጥ እያደረጉ ይሹ፤ አሸዋው የሚደበቀው እዚያ እጥፋት ውስጥ ነው። ጎማው የሚያርፍበትን ላሜራም ይጥረጉ። ጨርቁ ጥቁር ዱቄት ይዞ ይወጣል። ያ ቆሻሻ ብቻ እንዳይመስልዎት፤ ላዩ በፀሐይ ሲበላ የሚለቀው የራሱ የጎማው ካርቦን አለበት። ጨርቁ ፍጹም ነጭ እስኪወጣ ከፈተጉ ደህናውን ጎማ መላጥ ይጀምራሉ። በበሩ ግርጌ ያሉትን የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች በፕላስቲክ ወይም በእንጨት ስንጥር ይክፈቱ፤ ሽቦ ቀለሙን ይጭርና ዝገት ይጋብዛል።

በደንብ ሲደርቅ የሲሊኮን ግሪስ ይቀባል። ለ20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አንድ የአተር ፍሬ የምታህል በቂ ናት። በጨርቅ አሰራጭተው 10 ደቂቃ ይጠብቁና የተረፈውን በሌላ ደረቅ ጨርቅ ያንሱ። ጣትዎ ላይ የሚቀር ከሆነ በዝቷል፤ አቧራ ይሰበስባል። በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል፤ ፀሐይ ላይ ለሚውል መኪና ሦስት። ስፕሬይ ከሆነ ጨርቁ ላይ እንጂ መኪናው ላይ አይርጩ። ሲሊኮን የነካው አካል ኋላ ቀለም ሲቀባ ቀለሙ እየሸሸ ክብ ክብ ጉድጓድ ያወጣል።

መስታወቱ የሚንሸራተትበት፣ ውስጡ እንደ ከፋይ የሆነው ቦይ ግሪስ አይፈልግም። ግሪሱ አሸዋ ይይዝና መስታወቱን ይጭረዋል። በቀጭን የፕላስቲክ ካርድ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ቦዩን ያጽዱ፤ ሲደርቅ ደረቅ የሲሊኮን ስፕሬይ በትንሹ ይስጡትና መስታወቱን ጥቂት ጊዜ ከፍ ዝቅ ያድርጉ።

የደነደነ ጎማ አይመለስም። በጥፍር ሲጫኑት ምልክቱ ከቀረ ወይም ከተሰነጠቀ ቅባት አያድነውም፤ በቲነር መንከርም አሳብጦ ለጥቂት ጊዜ ያለሰልሰዋል እንጂ አያድሰውም። መቀየር ነው።

አዲሱን ጎማ ከጥቅሉ ፈትተው ለጥቂት ሰዓታት ሞቅ ያለ ቦታ ያንጥፉት፤ እጥፋቱ ይለቃል። የድሮውን ማጣበቂያ በፕላስቲክ ፍቀው በአልኮል ይጥረጉ። መጋጠሚያው አሮጌው በነበረበት ቦታ ይሁን። ማዕዘኖቹን መጀመሪያ ያስይዙ፤ ቀጥታውን ቀጥለው እየገፉ እንጂ እየሳቡ አይሙሉት። ተለጥጦ የገባ ጎማ ቆይቶ ይሰበሰብና መጋጠሚያው ላይ አፉን ይከፍታል። በሜትር የተገዛ ከሆነ 5 ሚሊ ሜትር ያህል አስረዝመው ይቁረጡና ሁለቱን ጫፎች አጣብቀው ይጫኑ። ማጣበቂያ የሚፈልግ ዓይነት ከሆነ ማስቲሽ በሁለቱም በኩል ስስ አድርገው ቀብተው፣ ጣት ላይ መጣበቁን ሲያቆም ያገናኙት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን ግን ባዶ ብረት አጠገብ አይድረስ፤ የሚለቀው አሲድ ያዝገዋል። መጀመሪያ ሰሞን በሩ ቢከብድ ቁልፉን አይነካኩ፤ ሌሊቱን ተዘግቶ ሲያድር ጎማው ቦታውን ይይዛል።

ወደ ፕላስቲኩ ስንመጣ፣ ያልተቀባ ፓራውልትና የስፖኪዮ ቤት ግራጫ የሚሆነው ፀሐይ ላዩን በዓይን በማይታዩ ስንጥቆች ስለሚሞላውና ብርሃኑ እዚያ ላይ ስለሚበተን ነው። ውሃ ሲነካው ጥቁር የሚሆነውም ውሃው ስንጥቁን ስለሚሞላው ነው። ምንም ከመቀባትዎ በፊት ክፍሉን ከጀርባው ይዩት፤ የተሠራበት ፕላስቲክ ስም ብዙ ጊዜ በትንንሽ የላቲን ፊደላት ተቀርጾበታል። ፒፒ (PP) ካለ ፖሊፕሮፒሊን ነው፦ ጠንካራ ነው፣ ግን ቀለም እንዲይዝለት የራሱን ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ) ይፈልጋል። ኤቢኤስ (ABS) ካለ አሴቶንና ቲነር አያስነኩት፤ ያቀልጡታል።

ሁሉን አቀፍ ማጽጃ 1 እጅ በ10 እጅ ውሃ በጥብጠው በብሩሽ ያጥቡ፣ ያድርቁ፤ ከዚያ አይሶፕሮፒል አልኮልን በእኩል ውሃ ቀላቅለው ይጥረጉ። ሸካራው ላይ የደረቀ ነጭ የሰም ምልክት ካለ የእርሳስ ላጲስ ያነሳዋል። አሁን ምርጫው ሁለት ነው። ዘይታማው ማብረቂያ ጥቂት እጥበት ብቻ ይቆያል፤ ዝናብ ሲመጣም ቀለሙ ላይ መስመር እየሠራ ይወርዳል። ለፕላስቲክ የተሠራው ማቅለሚያ ወይም የሴራሚክ ሽፋን በጣም ይበልጣል። ዳሩን በቴፕ ሸፍነው፣ ጥላ ውስጥ፣ ፕላስቲኩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ በስፖንጅ ላይ ጥቂት ጠብታ አድርገው ትንሽ ትንሽ ቦታ ይሥሩ፤ ለ24 ሰዓት ውሃ አይንካው። ጠብታው ከበዛ ቡራቡሬ ይሆናል።

ግራጫ የሆነውን ፕላስቲክ በሂትጋን (ሙቅ አየር በሚነፋ መሣሪያ) ማሞቅ ወዲያው ያጠቁረዋል፤ በቪዲዮ ሲያዩትም ያምራል። ፖሊፕሮፒሊን ግን 160 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጣል፤ አንድ ቦታ ላይ ቆም ካሉ ሸካራው ጠፍቶ የሚያብለጨልጭ ነጠብጣብ ይቀራል፣ አጠገቡ ያለው ቀለምም ያብጣል። ውጤቱም ዘላቂ ስላልሆነ ባይሞክሩት ይሻላል።

ዳሽቦርድ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር አይቀባም፤ የፊት መስታወቱ ላይ ያንጸባርቃል። ከማንኛውም ክሬም ይልቅ መኪናው ሲቆም የሚዘረጋ የፀሐይ መከላከያ ይረዳዋል። የዝናብ መጥረጊያውን ጎማ በአልኮል ብቻ ይጥረጉ። ፔዳልና መሪ ላይ ማብረቂያ መቀባት አደጋ ነው። የፍሬን ጎማ ቱቦ ላይ ስንጥቅ ካዩም ምንም ሳይቀቡ ይቀይሩት።