የቤት አርኬድ እንዴት እንደሚሰራ፦ ከእንጨቱ በፊት ስዊቹን ምረጡ

የመጀመሪያውን አርኬዴን ሠርቼ በጨረስኩ በሦስተኛው ቀን ማታ በሬ ተንኳኳ። ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ናቸው። «ልጄ፣ በዚህ ሌሊት ሽምብራ ነው እንዴ የምትቆላው?» አሉኝ። ኮንዶሚኒየም ነው፣ ግድግዳው ምንም አይደብቅም። ሽምብራው የጆይስቲኬ፣ ማለትም ጌሙን የምነዳበት ዱላ፣ ስዊች ነበር። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

አርኬድ ማለት በሳንቲም የሚሠራው፣ ቁም ሣጥን የሚያህለው የድሮ ጌም ማጫወቻ ነው። በጆተኒና በፕሌይስቴሽን ቤት ያደግን ብዙዎቻችን በፊልም ካልሆነ አላየነውም። ቤት ውስጥ ለመሥራት የሚነሳ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእንጨቱ ይጀምራል። እኔም እንደዚያው አድርጌ ነው ሁለት ጊዜ የሠራሁት። እናንተ ከጆይስቲኩ ጀምሩ።

1. የምትጫወቱትን ጌም ወስኑ

ፓክማን (እ.ኤ.አ. 1980) እና ዶንኪ ኮንግ (1981) የሚያውቁት አራት አቅጣጫ ብቻ ነው። ስትሪት ፋይተር 2 (1991) ግን ማዕዘኖቹን ጨምሮ ስምንት አቅጣጫና ስድስት ቁልፍ ይፈልጋል። በስምንት አቅጣጫ ጆይስቲክ ፓክማን ስትጫወቱ፣ መታጠፊያው ላይ እጃችሁ ትንሽ ካዘነበለ ሁለት ስዊች አብሮ ይነካል። ፓክማን ግራ ይገባዋል። የሚያሳድዱት መናፍስት ደግሞ አይምሩም።

ይህን የምታስተካክለው ከጆይስቲኩ ሥር ያለችው ጌት የምትባል ፕላስቲክ ናት። ዱላው እስከ የት እንደሚሄድ የምትወስነው እሷ ናት። የጃፓኑ ሳንዋ ጄኤልኤፍ ጆይስቲክ ካሬ ጌት ይዞ ይመጣል፤ እሱን አዙሮ በመግጠም ከስምንት ወደ አራት አቅጣጫ መቀየር ይቻላል። ሁለቱንም ዓይነት ጌም ለሚወድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

2. ስዊቹን ምረጡ

የጆይስቲክ ውስጡ ቀላል ነው። ዱላው መሃሉ ላይ ተይዞ ይወዛወዛል፣ ከሥር በአራት ጎኑ አራት ስዊች አለ። ዱላውን ወደፊት ስትገፉት የታችኛው ጫፉ ወደ እናንተ ይመጣል። ስለዚህ የ«ላይ» ስዊች ያለው በእናንተ በኩል ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ገመዱን ገልብጦ ያገናኝና ግማሽ ቀን ሲፈልግ ይውላል።

ማይክሮስዊች ትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን ናት። ውስጧ ያለው ብረት የሆነ ነጥብ ላይ ሲደርስ ቀጭ ብሎ ይገለበጣል። መነካቱን ጣትም ጆሮም ያውቀዋል። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት እግር አላት፤ ኮም (የጋራው)፣ ኤንኦ (ሲጫኑት የሚገናኘው) እና ኤንሲ (ሲጫኑት የሚለያየው) ተብሎ ተጽፎባታል። ገመድ የሚገባው ኮምና ኤንኦ ላይ ነው። እኔ አንዷን ተሳስቼ ኤንሲ ላይ ሰካሁና ፓክማን ማንም ሳይነካው ወደ ግራ ሮጦ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ወደ ግራ ስገፋው ደግሞ ትእዛዙ ተቋረጠ።

ሊፍ ስዊች ከእሷ የቀደመ ነው፤ የ1980ዎቹ መጀመሪያ ማሽኖች በብዛት የሚጠቀሙት ይህንን ነበር። ሁለት ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ተጠጋግተው ይቆማሉ። ዱላው አንዱን ገፍቶ ከሌላው ጋር ያገናኘዋል፣ በቃ። ድምፅ የለውም። ቅጠሉን በፒንሳ በትንሹ ካጠፋችሁት ቶሎ ይነካል ወይም ይዘገያል፣ እንደ እጃችሁ ታስተካክሉታላችሁ። ችግሩ የሚነካካው ጫፍ በጊዜ ብዛት መጥቆሩ ነው። አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል። ያኔ የቢዝነስ ካርድ ቁራጭ መሃላቸው አስገቡና ቅጠሎቹን ጫን አድርጋችሁ ካርዱን ሳቡት። ካርዱ ላይ ጥቁር መስመር ታያላችሁ። ሲያስቸግራችሁ የነበረው እሱ ነው።

የእኔ ምርጫ? ለፍልሚያ ጌም ማይክሮስዊች። እዚያ ላይ ቀጭታው ይጠቅማል፤ እጅ በፍጥነት ሲሄድ ምልክት ይሆናል። ለፓክማንና ለመሰሎቹ፣ በተለይ ቀጭን ግድግዳ ላለው ቤት፣ ሊፍ። ስፕሪንጋቸውን በጎማ የተኩ የኮሪያ ዱላዎችም አሉ፤ በገፋችኋቸው ቁጥር ይከብዳሉ። አንዳንዱ ይወዳቸዋል፣ እኔ አልለመድኳቸውም።

ዕቃውን ከውጭ በሚመጣ ሰው የምታስልኩ ከሆነ የስዊቹን እግር ስፋት ጠይቁ። 2.8 ሚሊ ሜትር አለ፣ 4.8 አለ። የገመዱ ጫፍ በዚያ ልክ ካልመጣ ሌላ መንገደኛ መጠበቅ ነው።

3. በካርቶን ሞክሩ

የጫማ ካርቶን ክዳን ብሱና ጆይስቲኩንና ቁልፎቹን ግጠሙ። ዩኤስቢ ኢንኮደር ቦርድ (የስዊቾቹን ንክኪ ለኮምፒውተር የሚያስተላልፍ ትንሽ ሰሌዳ) ላይ ሰክታችሁ ከኮምፒውተር ጋር አገናኙት። ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ በቴፕ አጣብቁና አንድ ሳምንት ተጫወቱ። ቁልፎቹ ከጆይስቲኩ እንደራቁ ወይም እጃችሁ ተጣምሞ እንደሚውል የምታውቁት እዚህ ላይ ነው። እንጨት ከተበሳ በኋላ ማወቅ ያናድዳል።

4. ሣጥኑ

ቤቱ ጠባብ ከሆነ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ሥሩ። 12 ሚሊ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ሳንቃ) ይበቃል፤ 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነው አንዱ ለአንድ ተጫዋች ሣጥን ተርፎ ይቀራል። አናጺ ቤት ወስዳችሁ በማሽን አስቆርጡት፣ በእጅ መጋዝ አትድከሙ። ኮላና ብሎን ያያይዘዋል። ስትበሱና በብርጭቆ ወረቀት ስታሹ ማስክ አድርጉ፣ የኤምዲኤፍ ብናኝ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

ቁልፍ ስትገዙ አንድ ነገር ልብ በሉ። የጃፓን ቁልፎች 30 ሚሊ፣ የአሜሪካኖቹ 28 ሚሊ ገደማ ቀዳዳ ይፈልጋሉ። ከጃፓኖቹ ውስጥ ተጭነው የሚገቡት ለቀጭን ብረት የተሠሩ ናቸው፤ ወፍራም እንጨት ላይ ክንፋቸው አይይዝም። በዳዶ የሚታሰረውን ዓይነት ውሰዱ። ጆይስቲኩም ወፍራም እንጨት ሥር ሲገባ ዱላው ያጥራል፣ ስለዚህ እንጨቱን ከሥር ፈልፍላችሁ አሳንሱት። ስትበሱ ከኋላ ቁራጭ እንጨት ደግፉ፣ አለበለዚያ የቀዳዳው ጠርዝ ይሰነጠቃል።

ለስክሪን ከቢሮ የወጣ ባለ 19 ኢንች አሮጌ ኤልሲዲ ይበቃል። ለፓክማን በቁሙ አዙሩት፣ ጌሙ የተሠራው ለቆመ ስክሪን ነው። የድሮውን ባለ ሆድ ቴሌቪዥን ከፍታችሁ እንዳትነካኩ። ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ የሚገድል ኤሌክትሪክ ሊቀር ይችላል።

5. ገመድና ኮምፒውተር

የስዊቾቹን ኮም ሁሉ በአንድ ገመድ እየቀጠላችሁ ወደ ኢንኮደሩ ግራውንድ ውሰዱ። ኤንኦዎቹ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ገመድ ይኖራቸዋል። ከመዝጋታችሁ በፊት በቴስተር ፈትሹ፤ ስትጫኑ ጢጥ ካለ ደህና ነው።

ኮምፒውተሩ ሬትሮፓይ (የድሮ ጌም ማጫወቻ ሶፍትዌር) የተጫነበት ራስበሪ ፓይ የተባለ ትንሽዬ ኮምፒውተር ወይም ጥግ የተጣለ አሮጌ ላፕቶፕ ሊሆን ይችላል። ማሜ የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የአርኬድ ጌሞችን ሲያጫውት ኖሯል፣ ራሱ ነፃ ነው። ጌሞቹ ግን ባለቤት አላቸው፤ በፈቃድ የሚሸጡትን ግዙ።

ራስበሪ ፓይ ከመረጣችሁ መብራት ሲጠፋ አብሮ ድርግም እንዳይል አነስተኛ ዩፒኤስ ስጡት። ሚሞሪ ካርዱ ላይ እየጻፈ ሳለ ከተቋረጠ ፋይሎቹ ይበላሻሉ፣ ያን ጊዜ ሁሉንም እንደገና መጫን ነው። እኔ ዩፒኤስ እስክገዛ ድረስ የካርዱን ቅጂ ላፕቶፔ ላይ አስቀምጬ ነበር። በአንድ ክረምት ሁለቴ ተጠቀምኩበት።