ከዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ የምትፈልጉትን መጽሐፍ እንዴት ታገኛላችሁ?

«ፈለግኩት፣ የለም» ብለው ከላይብረሪ የሚወጡ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ግን መጽሐፉ አለ። ችግሩ ያለው አፈላለጉ ላይ ነው፤ አፈላለጉን ደግሞ ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምርም።

ከካታሎጉ ጀምሩ

ካታሎጉ የላይብረሪው መጻሕፍት ኮምፒውተር ላይ የሚፈለጉበት ዝርዝር ነው። ርዕሱን ወይም የደራሲውን ስም ካወቃችሁ ሥራው ቀላል ነው፤ ጻፉና ፈልጉ። በእጃችሁ ያለው ርዕሰ ጉዳይ ብቻ ከሆነ ግን በቁልፍ ቃል ጀምሩ። አንድ ጥሩ መጽሐፍ ስታገኙ ዝርዝር መረጃውን ክፈቱ። «ሰብጀክት» በሚለው ሥር ላይብረሪያኖች ለመጽሐፉ የሰጡት ርዕሰ ጉዳይ ተጽፏል። እሱን ተጫኑት። ርዕሳቸው ላይ የእናንተ ቃል ጨርሶ የሌለ፣ ስለዚያው ጉዳይ የተጻፉ መጻሕፍት ይመጡላችኋል። ቃል እየቀያየሩ ከመገመት ይሄ በብዙ ይሻላል።

ከዚያ ኮል ነምበሩን (መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ያለበትን ቦታ የሚያመለክተውን ቁጥር) ሙሉውን፣ የተቀመጠበትን ክፍልና በውሰት ወጥቶ እንደሆነ እዩ። በስልክ ፎቶ አንሱት። «338 ምናምን ነው» ብሎ በቃል ይዞ መሄድ አያዋጣም። ክፍሉንም አትዝለሉት። ሪፈረንስ ከሆነ እዚያው ተነቦ ይመለሳል እንጂ አይወጣም። ሪዘርቭ ከሆነ መምህሩ ለኮርሱ ያስቀመጠው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው የሚሰጠው፣ የሚገኘውም ከማዋሻው ጠረጴዛ ጀርባ ነው።

ኮል ነምበሩን በትክክል ማንበብ

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

በዓለም ላይ ብዙ ላይብረሪዎች መጻሕፍት የሚደረድሩት ሜልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ባወጣው አሠራር ነው። እውቀትን ከ000 እስከ 999 ይከፋፍለዋል። 330 ኢኮኖሚክስ፣ 340 ሕግ፣ 510 ሒሳብ፣ 610 ሕክምና ነው። ከነጥቡ በፊት ያለው አያስቸግርም። ጣጣው ከነጥቡ በኋላ ነው።

338.9ን እና 338.19ን ውሰዱ። የመጀመሪያው የኢኮኖሚ ልማት፣ ሁለተኛው የምግብ አቅርቦት ነው። የቱ ይቀድማል? 19 ከ9 ይበልጣል ብሎ ከ338.9 በኋላ የሚፈልግ ተማሪ ቀኑን ሙሉ ቢዞር አያገኘውም። አስርዮሽ ስለሆነ አንድ በአንድ ነው የሚነበበው። መጀመሪያ 1ን ከ9 ጋር አስተያዩ። 1 ያንሳል፤ ስለዚህ 338.19 ይቀድማል። በመሃላቸው እነ 338.2 እና 338.5 አሉ። ስህተቱ ትንሽ ይምሰል እንጂ ሌላ መደርደሪያ ፊት ያቆማችኋል።

ከቁጥሩ ሥር ያለው ፊደልና ቁጥር ብዙውን ጊዜ የደራሲውን ስም ይወክላል። እዚህም ሕጉ ያው ነው፤ ኤም 36 ከኤም 4 ይቀድማል። ዓመት ከተጻፈበት እትሙን ለመለየት ነው። የድሮውን እትም ይዛችሁ እንዳትሄዱ እሱን እዩ።

ኮል ነምበሩ በፊደል የሚጀምር ከሆነ ላይብረሪው የሚጠቀመው የአሜሪካውን የኮንግረስ ላይብረሪ አሠራር ነው። ኬ ሕግ፣ ኪው ሳይንስ፣ አር ሕክምና ነው። ከፊደሉ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ኪው ኤ 76 ከኪው ኤ 276 ይቀድማል። ከነጥቡ በኋላ እንደገና ወደ አስርዮሽ ተመለሱ።

ቦታው ላይ ካጣችሁት

ግራ ቀኙን፣ ከላይና ከታች ያለውን ረድፍ እዩ። ከሌሎቹ ጀርባ የወደቀም ይኖራል። ቀጥላችሁ ተመላሽ መጻሕፍት የሚጠራቀሙበትን ጋሪ ፈትሹ። እዚያም ከሌለ ለላይብረሪያኑ ንገሩ፤ እንዲፈለግ ይመዘግብላችኋል። በውሰት ከወጣ ወረፋ ያዙ። ላይብረሪው ጭራሽ ከሌለው ከሌላ ዩኒቨርሲቲ በውሰት ማስመጣት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።

አንድ ነገር አደራ። አንብባችሁ ስትጨርሱ መጽሐፉን ራሳችሁ መልሳችሁ አትሰኩት፤ ጋሪው ላይ ተዉት። ቦታውን የሳተ መጽሐፍ ከጠፋ አይለይም። ካታሎጉ «አለ» ይላል፣ ፈላጊው ግን አያገኘውም። ፈተና ሲደርስ ሆን ብለው ሌላ መደርደሪያ ውስጥ የሚደብቁም አሉ። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ያቺ አንድ ኮፒ የክፍሉ ሁሉ ተስፋ ልትሆን ትችላለች።

ጆርናልና መመረቂያ ጽሑፍ

ወደ ጆርናሎች የምትገቡት በላይብረሪው ድረ ገጽ፣ በተማሪነት መለያችሁ ይሁን። በቀጥታ አሳታሚው ጋ ከሄዳችሁ ላይብረሪው ቀድሞ ለከፈለበት ጽሑፍ ገንዘብ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ጄስቶር የሚባለው የጆርናል ጽሑፎች ዳታቤዝ ለቆዩ ጽሑፎች ግሩም ነው፤ የብዙ ጆርናሎች የቅርብ ዓመታት እትሞች ግን አይገኙበትም። አዲስ ጥናት ከፈለጋችሁ ሌሎቹንም ዳታቤዞች እዩ። የቀደሙ ተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ ስታገኙ መጨረሻው ላይ ያለውን የዋቢ ዝርዝር አንብቡ፤ የብዙ ወር ፍለጋ ውጤት ነው።

ላይብረሪያኑን ጠይቁ

«የኢኮኖሚክስ መጻሕፍት የት ናቸው?» ካላችሁ መደርደሪያ ነው የሚጠቆማችሁ። «ስለ ምግብ ዋጋ መናር አሳይመንት አለኝ፣ አርብ ነው የማስረክበው፣ እስካሁን ያገኘሁት ይሄን ነው» በሉ። ያኔ የትኛው ዳታቤዝ እንደሚሻል፣ በየትኛው ቃል መፈለግ እንዳለባችሁ ይነግሯችኋል።