ደብረ ብርሃን ላይ ውሻና ድመት ልታሳድጉ ከሆነ

ውሻም ሆነ ድመት ከመውሰዳችሁ በፊት መልኩን ትታችሁ ብርዱን አስቡ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኅዳር ላይ ውርጭ ሲወርድ የውሻው ውሃ መጠጫ ላይ ጠዋት ስስ በረዶ ይጋገራል።

ጀርመን ሼፐርድ ብርዱን ይችለዋል። ጸጉሩ ድርብ ነው፤ ላዩ ሻካራ፣ ሥሩ እንደ ጥጥ። በጋ መጣ ብላችሁ እንዳትላጩት፣ በሳምንት ሁለት ሦስቴ አበጥሩት። የሚጎዳው ሥራ መፍታት ነው። ስሙ ራሱ እረኛ ማለት ነው፣ በግ ሲጠብቅ የኖረ ዘር ስለሆነ ቀኑን ሙሉ በር ላይ በሰንሰለት ካሰራችሁት ፈሪና ተናካሽ ይሆንባችኋል እንጂ ጥሩ ጠባቂ አይወጣውም። የኔው ታስሮ ያደገ ነበር። እጄን ከፍ ሳደርግ መሬት ላይ ልጥፍ ይል ነበር፤ ጠዋት ማታ አብሬው እየወጣሁ እስኪያምነኝ ስድስት ወር ፈጀብኝ። በቀን አንድ ሰዓት ከሌላችሁ ይቅርባችሁ።

የሀበሻ ውሻን ለምን እንደምንንቅ አይገባኝም። ንቁ ነው፣ አገሩን ለምዶታል። ጸጉሩ አጭር ስለሆነ ግን ቤቱን ከመሬት ከፍ አድርጉለት፣ በሩን ከነፋስ አዙሩ፣ ደረቅ ጭድ አንጥፉ።

የሲያም ድመት ወሬኛ ናት፣ ብቻዋን መዋል አትወድም። ብርድ ላይ ጸጉሯ ከጠቆረ አትደንግጡ፤ ቀለሟ ሰውነቷ ሲቀዘቅዝ ይጠቁራል፣ ጆሮዋና ጅራቷ የጠቆሩትም ለዚሁ ነው። የፐርሺያ ድመት በየቀኑ ማበጠር፣ ዓይኗንም በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይፈልጋል። ፊቷ ጠፍጣፋ ስለሆነ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይዛችኋት ከወረዳችሁ ጥላና ውሃ አይለያት።

አደራ የምላችሁ ነገር አለ። በዓል ላይ በግ ስታርዱ ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ አትወርውሩ። ውስጡ ያለው ትል ውሻው ሆድ ውስጥ ያድግና እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ልጆቻችሁ ይመጣል። አቃጥሉት ወይም በጥልቀት ቅበሩት። የወጥ ትራፊም አትስጡ፣ ሽንኩርት ለውሻም ለድመትም መርዝ ነው።

ሦስት ወር ሲሞላቸው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስወጉ፣ ድመቷንም ጭምር፤ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። የማታውቁት ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ቁስሉ ትንሽ ነው ብላችሁ አትደሩ።