የወል ደን እንዴት ይተዳደራል? ለወሎ ገጠር ቀበሌዎች

በ1970ዎቹ በወሎ ተራሮች ላይ በምግብ ለሥራ ከተከለሉና ከተተከሉ ደኖች ብዙዎቹ በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሰሞን ተጨፍጭፈዋል። ገበሬው ጉልበቱን ቢያፈስባቸውም ሣሩና እንጨቱ የእሱ መሆኑን ማንም አላረጋገጠለትም ነበር። ስለዚህ ተራራው ከንክኪ ነፃ ከመደረጉና ጥበቃ ከመቀጠሩ በፊት ማን፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደሚጠቀም ይወሰን።

ወሰን

የጎጡ ሽማግሌዎች፣ እረኞች፣ ማገዶ የሚለቅሙ ሴቶችና የአጎራባች ጎጥ ሰዎች አብረው ዙሪያውን ይሂዱ። ጎረቤት ያልተገኘበት ወሰን ውሎ አድሮ ጠብ ያመጣል። ከአንዱ ምልክት ሌላው እንዲታይ ድንጋይ ይከመር፤ ከዚያ የወረዳው መሬት አስተዳደር ለክቶ በወል ይዞታነት ይመዝግበው። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንን እንደ አንድ የደን ይዞታ ዓይነት ያውቀዋል። ከብት ወደ ውኃ የሚወርድበት መንገድ ከተከለለው ቦታ ውጭ ይተው፤ መንገዱ ከተዘጋ እረኛው በደኑ መካከል ከመንዳት ሌላ ምርጫ የለውም።

ቆጠራ

በገመድ 20 ሜትር በ20 ሜትር ካሬ ይለካ። ይህ 400 ካሬ ሜትር፣ የሄክታር 25ኛ ክፍል ነው፤ በውስጡ 3 ወይራ ከተገኘ በሄክታር 75 ይሆናል። ከተራራው ግርጌ፣ ከወገቡና ከአናቱ ቢያንስ ሁለት ሁለት ካሬ ይወሰድና ማዕዘኖቹ ላይ የድንጋይ ምልክት ይደረግ፣ በኋላ እዚያው ተመልሶ ለመቁጠር። ትልልቁ ዛፍ፣ መካከለኛውና ከጉልበት በታች ያለው ለየብቻ ይጻፍ። ትልልቅ ዛፍ ሞልቶ ችግኝ ከጠፋ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ፍየል ነው። ጉቶና ችግኝ ያለበት ቦታ ደግሞ መትከል አያሻውም፤ ከግጦሽ ማረፉ ይበቃዋል። እሾሃማውን ቁጥቋጦ «ለማጽዳት» መመንጠር ትልቅ ጉዳት ነው፦ የወይራ ቡቃያ ከፀሐይና ከከብት ተጠልሎ የሚያድገው በአጋምና በመሰሉ ሥር ነው።

ቁረጣ

እዚህ ላይ ዛፍን ከዛፍ አለመለየት ደን ያጠፋል። ወይራ፣ ክትክታና ባሕር ዛፍ ከጉቷቸው ያቆጠቁጣሉ። የሐበሻ ጥድ ግን አያቆጠቁጥም፤ አንድ ጥድ ከተቆረጠ የሚተካው ከዘር የበቀለ ሌላ ጥድ ብቻ ነው። በመሆኑም ጥድ የሚቆረጠው በዙሪያው የራሱ ችግኞች ከታዩ ብቻ፣ እሱም እየተመረጠ ይሁን። ዘር ጠፍቶ ከሆነ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በመስጊድና በመካነ መቃብር ዙሪያ የቀሩት ጥዶችና ወይራዎች ጥሩ የዘር ምንጭ ናቸው።

ለሚያቆጠቁጡት፣ ማገዶው ለመድረስ 5 ዓመት የሚፈጅበት ተራራ 5 ቦታ ይከፈልና በየዓመቱ አንዱ ብቻ ይቆረጥ። በበጋው መጨረሻ፣ ከመሬት 10–15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ተደርጎ፣ በሰላ መጥረቢያ ወይም በመጋዝ፣ ውኃ እንዳይቋጥር ዘንበል ብሎ ይቆረጥ። በደነዘ መጥረቢያ የተሰነጠቀ ጉቶ ይበሰብሳል። ከዓመት በኋላ ከአንድ ጉቶ ጠንካራው 2 ወይም 3 ቅርንጫፍ ይቀርና ሌላው ለማገዶ ይነሣ። ክፍሉ ቅርንጫፉ ከፍየል አፍ በላይ እስኪሆን ድረስ ለከብት ዝግ ነው።

ሣር

ክልከላው እንዲጸና ከሁሉ በላይ የሚረዳው ሣር ነው፤ እንጨት ዓመታት ሲያስጠብቅ ሣር በመጀመሪያው ክረምት ይደርሳል። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት፣ ሳይደርቅ ይታጨድ፤ ከዘገየ ለከብቱ የሚሰጠው ጥቅም ይቀንሳል። ከአሥር አንድ እጁ ለዘር ሳይታጨድ ይቅር፣ ቦታውም በየዓመቱ ይለዋወጥ። ችግኝ ያለበት ሥፍራ ማጭዱ ዙሪያውን ይሂድ። መሬቱ ተመጥኖ በእጣ ይከፈል፤ ከብት የሌላት እማወራ ድርሻዋን እንድትሸጥ ደንቡ ይፍቀድ። ከሣሩ ጥቂቱ ለጨረታ ቀርቶ የጥበቃውን ደሞዝ ይክፈል።

ደንብና ቅጣት

ደንቡ በየቅሬው፣ ማለትም በየቀብርና መረዳጃ ማኅበሩ፣ ተመክሮበት በጠቅላላ ጉባኤ ይጽደቅ፤ ቅሬ ሁሉን አባወራና እማወራ ስለሚያውቅ ተጠቃሚ ለመመዝገብም ይመቻል። መሬት የሌላቸው ወጣቶች ከመዝገቡ እንዳይቀሩ፤ በሌሊት የሚቆርጠው የተገፋ ሰው ነውና። ቅጣቱ ደረጃ ይኑረው፦ መጀመሪያ ተመዝግቦ ማስጠንቀቂያ፣ ሁለተኛ በደረሰኝ የሚከፈል ገንዘብ፣ ሦስተኛ የዓመቱን የሣር ድርሻ ማጣት። ከአቅም በላይ የሆነ ቅጣት ምስክር ያሳጣል፤ ጎረቤት ለጎረቤቱ አዝኖ «አላየሁም» ይላል። የደኑ ኮሚቴ አባል ዘመድ ሲያጠፋ ጉዳዩ ከኮሚቴው ወጥቶ ወደ ሽማግሌዎችና አባጋሮች (በባህል ጠብ የሚያስታርቁ አባቶች) ይሂድ። አንድ ጊዜ ዝም ከተባለ ከዚያ በኋላ ማንም አይቀጣም።

እሳት

ከጥር እስከ ግንቦት ያስጋል። ከማሳና ከመንገድ ጋር በሚዋሰንበት በኩል ቢያንስ 5 ሜትር ስፋት ያለው መስመር ከጥር በፊት ከሣር ይጽዳ። ማር የሚቆርጥ ሰው ችቦ ይዞ አይግባ፣ የንብ ማጨሻ ይጠቀም።

ምልክት የተደረገባቸው ካሬዎች በየ2 ዓመቱ፣ በተመሳሳይ ወር እንደገና ይቆጠሩ። ውጤቱ በጉባኤ ፊት ይነበብ፤ ችግኙ የቀነሰበት ክፍል የቁረጣ ተራው ቢደርስም ይታለፍ፣ የዚያ ዓመት ማገዶም ከወደቀና ከደረቀ እንጨት ብቻ ይለቀም።