ከቀዶ ሕክምና በኋላ እንቅልፍ ሲጠፋ፦ ሌሊቱን የሚያረዝሙ ስህተቶች

የሐሞት ከረጢቴ በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት ከቁስሉ ይበልጥ ያንገላታኝ ሌሊቱ ነው። ቀን ቀን ቤቱ ሰው ሞልቶት፣ ጨዋታ እየሰማሁ ሸለብ ያደርገኛል፤ ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ዓይኔ ፍጥጥ ይላል። እኔም ቤተሰቦቼም በቅንነት ያደረግናቸው ነገሮች እንቅልፌን ይበልጥ ሲያባርሩት እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። አሁን ዘመድ ወዳጅ "ኦፕራሲዮን ልሆን ነው" ሲለኝ አስቀድሜ የምነግረው እነዚህን ነው።

ሕመምን ችሎ ማደር

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። እኛ ዘንድ ሕመም መቻል ጨዋነት ነው። "እንዴት አደሩ?" ስንባል "ተመስገን፣ ደህና ነኝ" እንላለን፤ ሐኪም ሲጠይቀንም አፋችን ያንኑ ይመልሳል። በዚያ ላይ "መድኃኒት ሲበዛ ይለመዳል፣ ጉበት ይጎዳል" የሚል ፍርሃት አለ። ስለዚህ ክኒኑን የምንውጠው ሕመሙ ከጠና በኋላ ነው። አንዴ የጠና ሕመም ደግሞ በቀላሉ አይበርድም፤ መድኃኒቱ እስኪሠራ ግማሽ ሰዓትም አንድ ሰዓትም ያልፋል፣ እንቅልፉም በዚያው ይሄዳል።

ሐኪሙ "በየስድስት ሰዓቱ" ብሎ ያዘዘውን ፓራሲታሞል ሰዓቱን ጠብቆ መዋጥ ይሻላል። ሰዓቱን መምረጥ ራሱ ለውጥ አለው። አብዛኞቻችን 12፣ 6፣ 12፣ 6 ብለን እንጀምራለን። ምሽት 12 ሰዓት የተዋጠው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ያልቃል፤ ያን ጊዜ የሚቀሰቅስ ስለሌለ፣ 8 ሰዓት ገደማ ሕመሙ ራሱ ይቀሰቅሳል። ያንኑ መጠን 4፣ 10፣ 4፣ 10 ላይ ቢያደርጉት ግን የምሽት 4 ሰዓቱ ከመኝታ ጋር ይገጥማል። የሌሊት 10 ሰዓቱን ክኒን ከውኃ ጋር ራስጌዎ ያስቀምጡት። እኔን ከምንም በላይ የረዳኝ ይህ የሰዓት ለውጥ ነው።

መጠኑን ግን በራስዎ አይጨምሩ። ለአዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ከባለ 500 ሚሊግራሙ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም፤ ጉበቱ ለተጎዳ ወይም ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች ለሆነ ሰው ከዚህም ያነሰ ነው የሚታዘዘው። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ ሳያውቁት እጥፍ እንዳይሆንብዎ።

የእንቅልፍ ክኒን ከጎረቤት መቀበል

"እኔ ሳልተኛ ስቀር የምወስደው ነው፣ ግማሿን ዋጣት" ብሎ ዲያዜፓም የሚያቀብል ደግ ሰው አይጠፋም። ለቀዶ ሕክምና ሕመም ትራማዶል፣ ኮዴይን ወይም ሞርፊን የሚወስድ ሰው ይህን ቢደርብበት ሁለቱም መድኃኒቶች ትንፋሽን ያዳክማሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2016 (እ.ኤ.አ.) የእነዚህ መድኃኒቶች መግለጫ ላይ ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ እንዲሰፍር ያዘዘው ሰዎች አብረው ሲወስዷቸው እየሞቱ ስለነበር ነው። በእንቅልፍ ላይ በኃይል የሚያንኮራፋና ትንፋሹ ቆም የሚል ሰው ካለ አደጋው ለእሱ ይበረታል። አረቄ ወይም ቢራ "ያስተኛል" ተብሎ ሲሰጥም ያው ነው፤ ቶሎ ያስተኛል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ግን ያነቃል፤ ከሕመም ማስታገሻ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ያው የትንፋሽ አደጋ አለ።

የእንቅልፍ መድኃኒት ፈጽሞ አይታዘዝም እያልኩ አይደለም። ሌላ የሚወስዱትን ሁሉ የሚያውቅ ሐኪም ይዘዘው ነው የምለው።

ጠያቂ ያለ ሰዓት መቀበል

ሰው መጠየቅ ከደጉ ባህላችን አንዱ ነው። ብርቱካንና ሙዝ ይዞ፣ "እግዚአብሔር ይማርዎ" ብሎ የገባ ዘመድ የሚሰጠውን ብርታት ክኒን አይሰጥም። ችግሩ ጠያቂው ከጠዋት እስከ ማታ ሲቆራረጥ በየመሃሉ ሕመምተኛው ሃያ ደቂቃ፣ አርባ ደቂቃ እያንቀላፋ ይውላል። ማታ ሲሆን ሰውነቱ የሚፈልገውን እንቅልፍ ቀን በችርቻሮ ጨርሶታል። አንዳንዱ ጠያቂ ደግሞ በዚያው ቀዶ ሕክምና የሞተ ሰው ታሪክ ያወራል፤ ያ ወሬ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተመልሶ ይመጣል።

ጠያቂ አታምጡ ማለት አይቻልም፣ አያስፈልግምም። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ኃላፊነቱን ወስዶ "ከ9 እስከ 11 ሰዓት ነው የምንቀበለው፣ ሐኪም ነው ያለን" ይበል። እንዲህ ሲባል የሚቀየም ሰው አላየሁም። የቀን እንቅልፍ አንዴ ብቻ፣ ከ9 ሰዓት በፊት፣ ከግማሽ ሰዓት ያልበለጠ ይሁን፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ላይ ግን ሰውነት ደክሟልና እንዲህ አያጥብቁት።

ስልክም ጠያቂ ነው። ውጭ ያሉ ልጆችና እኅት ወንድሞች ከሥራ ወጥተው ነው የሚደውሉት። ዋሽንግተን ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ወይም ከዚያ ያለፈ ነው። ናፍቆታቸው እውነት ነው፤ በእነሱ ጠዋት እንዲደውሉ ግን አንድ ሰው ይንገራቸው፤ ሕመምተኛውም ሲተኛ ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር።

ቡናን ከሰዓት በኋላ መጠጣት

ጠያቂ ካለ ቡና ይፈላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። የካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ ወደ አምስት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ 10 ሰዓት ላይ ከጠጡት ውስጥ 3 ሰዓት ምሽት ላይ ግማሹ ገና በደምዎ ውስጥ አለ። በሌላ በኩል፣ በየቀኑ ቡና የለመደ ሰው ድንገት ሲያቋርጥ በአንድ ቀን ውስጥ ራስ ምታት ይጀምረዋል፤ ይህንን የማደንዘዣው ጣጣ አድርገው የሚጨነቁ አሉ። ሐኪምዎ ካልከለከለ ጠዋት አንድ ሲኒ ይጠጡ፣ ከምሳ በኋላ ግን ይለፍዎ። ጫት ፈጽሞ አይታሰብ።

ቅዠትን እንደ ክፉ ምልክት መውሰድ

ሰመመን እንቅልፍ አይደለም። ከትልቅ ቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሌሊቶች ሕልም የምናይበት የእንቅልፍ ክፍል በጣም ይቀንሳል፤ ጠንካራ ማስታገሻዎችም ይጫኑታል። ከጥቂት ቀናት በኋላ አንጎል የቀረበትን በአንድ ጊዜ ሲያካክስ ሕልሙ ብዙ፣ ኃይለኛ፣ አንዳንዴም አስፈሪ ይሆናል። በሦስተኛው ሌሊት የሞቱ ዘመዶቼን ተሰብስበው አየሁና "ጠሩኝ" ብዬ ሲነጋ አልቅሻለሁ። ይህ የሚጠበቅና የሚያልፍ መሆኑን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ቀጣዮቹን ሌሊቶች ዓይኔን ለመክደን አልፈራም ነበር። ጸሎት የሚያጽናናዎት ከሆነ ይጸልዩ፤ ሕልሙን ግን ለፍቺ ከቤት ቤት አያዙሩት።

ጠፍጣፋ ካልተኛሁ ማለት

ሆድ የተቀደደ ሰው በጀርባው ዝርግ ብሎ ሲተኛ ስፌቱ ይወጠራል። ከወገብ በላይ በሁለት ሦስት ትራስ ከፍ ብሎ፣ ከጉልበት ሥር ደግሞ አንድ ትራስ አድርጎ መተኛት ሆዱን ያላላዋል። ሲነሱ ቀጥ ብለው አይነሱ፤ ጉልበትዎን አጥፈው በጎን ይገልበጡ፣ እግርዎን ከአልጋው አውርደው በክንድዎ ተደግፈው ይነሱ። ሳል ሲመጣ ትራስ ሆድዎ ላይ ጫን አድርገው ይያዙ። በካሜራ፣ በትንንሽ ቀዳዳ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ትከሻቸውን ሲያማቸው ግራ ይገባቸዋል፤ ሆድን ለመንፋት የገባው ጋዝ ቅሪት ከሳንባ ሥር ያለውን ጡንቻ ሲቆረቁረው ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል። በቀናት ውስጥ ይጠፋል፤ ቀን ላይ በእርጋታ መመላለስ ይረዳል። የልብ፣ የዳሌ ወይም የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ከሆነ ግን አተኛኘቱ ራሱ ትእዛዝ ስላለው ከሆስፒታል ሳይወጡ ይጠይቁ።

ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ መዋል፣ ሌሊቱን ሰዓት ማየት

"ዕረፍት አድርጉ" ሲባል አልጋ ላይ መክረም ይመስለናል። ሐኪም እስከፈቀደ ድረስ ጠዋት ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይቀመጡ፤ የንጋት ብርሃን ለጨቅላ ብቻ አይደለም፣ የአዋቂንም የቀንና የሌሊት ሥርዓት ያስተካክላል። ሌሊት ነቅተው ከቆዩ ሰዓቱን አይዩ፤ "አሁን ብተኛ እንኳ ሦስት ሰዓት ብቻ" የሚለው ስሌት ልብ ያስመታል። መነሳት የሚችሉ ከሆነ ደብዛዛ መብራት ይዘው ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ይመለሱ።

የአዛውንትን መቃዠት "ዕድሜ ነው" ብሎ መተው

እናት ወይም አባት ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሌሊት ሌሊት ሰው መለየት ካቃታቸው፣ ያለሁት ሌላ ቦታ ነው ካሉ፣ ቀን ተኝተው ሌሊት ከታገሉ ዝም አይበሉ። በአዛውንቶች ላይ የሚመጣ ድንገተኛ የአእምሮ መረበሽ ነው፤ ከበስተጀርባው ኢንፌክሽን፣ የውኃ ማነስ፣ የሽንት መዘጋት፣ ያልታከመ ሕመም ወይም መድኃኒት ሊኖር ይችላል። በዚያው ቀን ለሐኪም ይንገሩ። ፕሮሜታዚንን የመሰሉ የሚያስተኙ የአለርጂ መድኃኒቶች ለእነሱ ብሰው ያደናግራሉ። መነጽራቸውን ያድርጉላቸው፣ የሚያውቁት ሰው አጠገባቸው ይደር፣ ቀን መስኮቱ ይከፈት።

ሁሉንም በእንቅልፍ እጦት ማሳበብ

38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ መግል የያዘ ወይም የሚሞቅ ቁስል፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ ከሐሞት ቀዶ ሕክምና በኋላ ዓይን ቢጫ መሆን፣ የአንድ እግር ባት ብቻ አብጦ ማመም፦ ከእነዚህ አንዱ ሲታይ ሐኪም ጋር ነው። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም ደግሞ ንጋትን አይጠብቅም።

ለቀጠሮ ስሄድ አንድ የተማሪ ደብተር ይዤ ነበር። ስንት ሰዓት ክኒን እንደዋጥኩ፣ ስንት ሰዓት ሕመሙ እንደቀሰቀሰኝ፣ ቀን ስንት ጊዜ እንዳንቀላፋሁ በየቀኑ ሁለት መስመር ጽፌያለሁ። "እንቅልፍ እምቢ አለኝ" ብዬ በአፌ ብቻ ስናገር አንገቱን ነቅንቆ ያለፈኝ ሐኪም፣ ደብተሩን ሲያይ ብዕሩን አንሥቶ የመድኃኒቶቹን ሰዓት አንድ በአንድ አስተካከለልኝ።