የማስተርስ ማመልከቻችሁ ውድቅ ሲሆን እንዴት አቤት ይባላል?

ያለፉት ስም ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ሁለቴ ከላይ እስከ ታች አነበባችሁት። ስማችሁ የለም። ያን ቀን ወደ ዲፓርትመንት ኃላፊው ቢሮ አትግቡ። ተናዶ የገባ ሰው ይበልጥ ተናዶ ነው የሚወጣው።

በመጀመሪያ የቀራችሁበትን ምክንያት ለዩ። ትምህርት ሚኒስቴር በሚሰጠው የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ከሆነ፣ ዩኒቨርሲቲው ጋ መመላለስ ትርፉ ድካም ነው። ውጤቱን የሰጠው ሚኒስቴሩ ነውና ጥያቄው ወደዚያ ይሄዳል። የዲፓርትመንቱ ፈተና ወይም ቃለ መጠይቅ ከሆነ የራሳችሁን ነጥብና መቁረጫ ነጥቡን ጠይቁ። ሰነድ ከሆነ መነሻችሁ ሬጅስትራር ነው።

«ካለፉት እኔ እሻላለሁ» የሚል አቤቱታ የትም አያደርስም። መምህራኑ ማን ይሻላል ብለው የሰጡትን ግምት ማስቀየር ከባድ ነው። የሚያስኬደው የአሠራር ስህተት ነው፦ ነጥብ ተሳስቶ ተደምሯል፣ ማስታወቂያው ላይ ያልነበረ መስፈርት ተጨምሯል፣ ወይም ያስገባችሁት ሰነድ አልታየም። እኔን የገጠመኝ የመጨረሻው ነው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕቴ የታሸገበት ፖስታ ሳይከፈት የሌላ ዲፓርትመንት ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ያዳነኝ የአደራ ደብዳቤው ደረሰኝ ነው።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ስድብም ልመናም አይግባበት። ዋናው አንቀጽ እንዲህ ቢሆን በቂ ነው፦

«ማመልከቻዬ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አልደረሰም በሚል ውድቅ መደረጉ በቃል ተነግሮኛል። ሰነዱ በ10/12/2016 ዓ.ም. መድረሱን የሚያሳይ ደረሰኝ አያይዣለሁ። ምዝገባ ከመዘጋቱ በፊት ፋይሌ እንደገና እንዲታይና ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

በጽሑፍ የሚለውን አትተዉት። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ውሳኔ ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ ያዛል።

ሁለት ኮፒ አዘጋጁ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፤ ሌላው ላይ ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም አስደርጉና ይዛችሁ ውጡ። ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸወደው። «ለጸሐፊዋ ሰጥቻታለሁ» ማስረጃ አይሆንም። ዘመድ ፍለጋ የሚባክነውን ጊዜ ለዚህች ማኅተም አውሉት።

ዲፓርትመንቱ ዝም ካለ ወደ ኮሌጁ ዲንና ወደ ድህረ ምረቃ ቢሮ፣ ከዚያ ወደ ፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ውጡ። በየደረጃው የቀድሞውን ደብዳቤ ኮፒ አያይዙ። እዚያም መልስ ካጣችሁና ዩኒቨርሲቲው የመንግሥት ከሆነ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። አቤቱታ በቃልም በጽሑፍም ይቀበላል፤ ክፍያ የለውም። መጀመሪያ ግን ዩኒቨርሲቲውን መጠየቃችሁን ያያል፤ ማኅተም ያለባት ኮፒ የምትወጣው ያኔ ነው። የግል ተቋም ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ጠይቁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ምዝገባ አይጠብቃችሁም። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ካልዘጋ ጎን ለጎን አስገቡ። የኔ መልስ የመጣው ምዝገባ ካለቀ በኋላ ነው፤ የዘገየ ምዝገባ ቅጣት ከፍዬ ገባሁ። ቅጣቱን ማን መክፈል ነበረበት የሚለው ሌላ ደብዳቤ ይወጣዋል።